ፎሌ የት ተቀመጠ?

ደብረ ማርቆስ ላይ ለአውቶ ሜካኒክ ሠልጣኞችና ለሾፌሮች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደፊት ኑ። እዚህ ጠረጴዛው አጠገብ ቦታ አለ። ዛሬ የማሳያችሁ ነገር ትንሽ ስለሆነ ቅርብ ብትሆኑ ይሻላል።

በጥያቄ ልጀምር። ሞተር ሳይክል የምትነዱ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስታስገቡ ማርሹ ፎሌ ላይ፣ ምንም ማርሽ ባልገባበት ቦታ ላይ፣ የቀረባችሁስ? ያው ሁላችሁም ናችሁ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን አይጎትትም። ከኋላ ከባድ መኪና እየመጣ ከሆነ ልብ ቀጥ ትላለች። ይህ የሆነው እግራችሁ ስለሰነፈ ብቻ አይደለም። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፎሌ የተቀመጠው በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ነው። በደንብ ያልተመታ ማርሽ መሃል ላይ ይቀራል።

የዛሬው ጉዳዬ ይኸው ነው፤ ፎሌ የት ተቀመጠ? ጎረቤቱ ማን ነው? እጅ ወይም እግር ቢስት የሚወድቀው የት ላይ ነው? እኔ ይህን ነገር በደንብ የገባኝ ስለ ድራግ ሬሲንግ መኪና ካምቢዮ፣ ስለ ማርሽ ሳጥኑ፣ ማንበብ ስጀምር ነው። እዚያ ትንሽ ስህተት ብረት ይበትናል። ስለዚህ ሰዎቹ እኛ ዞር ብለን የማናየውን ነገር ተቀምጠው አስበውበታል።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። ፎሌ የምንለው ቃል ከጣልያን የመጣ ነው። በቋንቋቸው እብድ ማለት ነው። ጭነት የሌለበት ሞተር፣ ማንም ሳይዘው ብቻውን የሚዞር፣ እብድ አሉት። እንግሊዞቹ ደግሞ ከማንም ወገን ያልሆነ ብለው ሰየሙት። ለኔ የጣልያኑ ይበልጥ ይጥመኛል። ለምን እንደሆነ በኋላ ሰሌዳው ላይ ታዩታላችሁ።

ድራግ ሬሲንግ ምንድን ነው? ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል። መብራት ይበራል። ቀጥ ባለ መንገድ 402 ሜትር፣ ወይም ግማሹን 201 ሜትር፣ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። መጠምዘዝ የለም። እንጅባራ ሄዳችሁ የአገው ፈረሰኞችን ያያችሁ ሰዎች ስሜቱን ታውቁታላችሁ። ፈረሱ ከመለቀቁ በፊት ያለችው ያቺ ቅጽበት አለች አይደል? ጡንቻው ተወጥሮ፣ ልጓሙ ተይዞ። እዚያም እንደዚያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ውድድሩን ሥርዓት ያስያዘው ናሽናል ሆት ሮድ አሶሴሽን ነው። ዋሊ ፓርክስ የሚባል ሰው በ1951 እ.ኤ.አ. መሠረተው።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ዛሬም ድረስ እዚያ ውድድር ላይ በጣም የሚወደደው አንዱ ካምቢዮ የቤት መኪና ካምቢዮ ነበር። ፓወርግላይድ ይባላል። ሸቭሮሌት በ1950 እ.ኤ.አ. አወጣው፣ እስከ 1973 ሠራው። ወደፊት ሁለት ማርሽ ብቻ ነው ያለው። በአንደኛው ከሞተር የሚመጣው እንደ ስሪቱ 1.76 ወይም 1.82 ሲዞር ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ አንድ ይዞራል፣ ሁለተኛው ቀጥታ ነው። ሦስት ማርሽ ያለው ቱርቦ 400 የመጣው በ1964 ነው። እሱም በውድድር ቤት ስሙ ትልቅ ነው። ግን ብዙ ሰው ፓወርግላይድን የሚመርጠው ዕቃው ጥቂት ስለሆነ ነው። የሚበላው ጉልበት ትንሽ ነው። በመንገዱ ላይ ማርሽ የሚቀየረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ታዲያ ተወዳዳሪ ሲገዛው እንዳለ አይተወውም። ቫልቭ ቦዲውን፣ ዘይት ወደየማርሹ የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ ይቀይራል። ማርሹ በራሱ ሳይሆን በሹፌሩ እጅ ብቻ እንዲቀየር ያደርገዋል። ትራንስብሬክ ይጨምርበታል። ትራንስብሬክ ማለት አንደኛ ማርሽንና የኋላ ማርሽን አንድ ላይ መያዝ ማለት ነው። ሁለቱ ሲያዙ ካምቢዮው ይቆለፋል። ሹፌሩ ቁልፉን ተጭኖ ነዳጅ ይሰጣል፣ መኪናው አይንቀሳቀስም። ጣቱን ሲያነሳ የኋላው ማርሽ ዘይት በቅጽበት ይፈሳል። መኪናው ይወረወራል።

ቫልቭ ቦዲን ላላያችሁ ይህቺ ናት። ከኮሮላ የወጣች ናት፤ ፓወርግላይድ ከየት አመጣለሁ! አሠራሩ ግን ዘመድ ነው። ላዩ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ ቦይ ተመልከቱ። ቆጋ መስኖ የምታርሱ፣ ወይም አባቶቻችሁ ወንዝ ጠልፈው የሚያጠጡ ልጆች፣ ይህን ለማየት መነጽር አያስፈልጋችሁም። ውኃ ከዋናው ቦይ ይመጣል። አንዱን ትልም በጭቃ ትደፍናለህ፣ ሌላውን ትከፍታለህ። እዚህ ውኃው ዘይት ነው፣ ጭቃው ደግሞ ይህ ዘንግ ነው። አንዱ ቦታው ወፍራም፣ ሌላው ወገቡ ቀጭን ነው። ወፍራሙ ይዘጋል፣ በቀጭኑ ዘይት ያልፋል። በሹፌሩ እጅ ያለው የማርሽ ዱላ ተያይዞ የሚገፋው ይህንን ዘንግ ነው።

ብዙ ሰው ፎሌ ሲባል መዝጋት ብቻ ይመስለዋል። አይበቃም። መስኖ ላይ መግቢያውን ስትዘጋ ትልሙ ውስጥ ያለው ውኃ የት ይሄዳል? እዚያው ይቀራል። ማሳህ ይጨቀያል። ዘይትም እንደዚያ ነው። ፍሪሲዮኑን፣ ጉልበት የሚያስተላልፉትን ተደራራቢ ሳህኖች፣ ጨፍልቆ የያዘው ዘይት መውጫ ካላገኘ ፍሪሲዮኑ አይለቅም። ስለዚህ በፎሌ ዘንጉ ሁለት ሥራ አለበት። አንዱ መግቢያውን መዝጋት ነው። ሌላው ከየፍሪሲዮኑ የሚመለሰውን ዘይት ወደ ታች ወደ ገንዳው የሚያፈስ ቀዳዳ መክፈት ነው። ሁለቱንም የሠራ ፎሌ ንጹህ ፎሌ ነው። መውጫው የጠበበ ከሆነ ግን መኪናው ፎሌ ላይ ሆኖ ወደፊት ሸርተት ሸርተት ይላል። ፍሪሲዮኑ ግማሽ ይዞ፣ ግማሽ ለቆ፣ ዝም ብሎ ይቃጠላል።

እዚህ ላይ በጣም የምወዳት ትንሽ ነገር አለች። ወፍ ስትጠብቁ ወንጭፍ አዙራችኋል። ድንጋዩ ወደ ውጭ ይሸሻል። ፍሪሲዮኑ የሚቀመጥበት ድራም ሲሽከረከር ውስጡ የቀረው ዘይትም ወደ ውጭ ይሸሻል። ሲሸሽ ፍሪሲዮኑን የሚጨፈልቀውን ፒስተን ይገፋል። ቫልቭ ቦዲው ልቀቅ ብሎታል፣ ዘይቱ ግን በራሱ ጉልበት መያዙን አይተውም። ለዚህ መድኃኒቱ አንዲት ኳስ ናት። ምስር የምታህል የብረት ኳስ። ግፊት ሲኖር ቀዳዳዋን ትደፍናለች። ግፊቱ ሲጠፋ ወደ ውጭ ትሸሽና ቀዳዳውን ትከፍታለች፣ ዘይቱ ይወጣል። ድራም ስታጥቡ ይህቺን ኳስ ካልነቀነቃችሁ አጥባችኋል አትበሉ። በቆሻሻ የተጣበቀች ኳስ ስንት ፍሪሲዮን አቃጥላለች!

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የማርሽ ተራ።

መጀመሪያ ፋብሪካው የሰጠውን የኋለኞቹን ፓወርግላይዶች ተራ ላስታውሳችሁ። ከፊት ወደ ኋላ ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ፣ ኤል ነው። ፒ ማቆሚያ፣ አር የኋላ ማርሽ ናት። ኤል አንደኛ ማርሽ ናት፣ መጨረሻ ላይ። ዲ ከሷ በፊት ናት። ከዲ በፊት ደግሞ ኤን፣ ፎሌ። ለቤት መኪና ይህ ምንም ችግር የለበትም። ለተወዳዳሪው ግን አስቡት። ኤል ላይ ሆኖ ይነሳል። ነዳጅ እስከ ወለሉ ረግጧል። ሞተሩ በደቂቃ 7,000 ዙር ደርሷል። ዱላውን ወደፊት ገፍቶ ዲ ላይ ያስገባል። ጀርባው ወንበሩ ላይ ተለጥፏል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ያንሳል። ትንሽ አብዝቶ ቢገፋስ? ቀጣዩ ጎረቤት ፎሌ ነው። ጭነቱ በአንድ ጊዜ ከሞተሩ ላይ ይነሳል። ሞተሩ ያብዳል። ቃሉ እዚህ ጋ በትክክል ይገባል።

ስለዚህ ቫልቭ ቦዲ የሚሠሩት ሰዎች ተራውን ገለበጡት። ፒ፣ አር፣ ኤን፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ። በሦስት ማርሹም እንዲሁ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አሁን ሹፌሩ ማርሽ ለመጨመር ወደ ራሱ ይስባል። ከመጨረሻው ማርሽ በኋላ ምንም የለም፤ ግድግዳ ነው። የፈለገውን ያህል ቢስብ ፎሌን አያገኛትም። እኔ ይህን ሳይ በጣም ደስ ይለኛል። ሹፌሩን አትሳሳት ብለው አልመከሩትም። ቢሳሳትም የሚወድቅበትን ጉድጓድ ከመንገዱ ላይ አነሱለት።

ግን ነፃ አይደለም። ሌላ ዋጋ ተከፈለ። በተገለበጠው ተራ ሹፌሩ መጨረሻ መስመሩን አልፎ ወደ ፎሌ ልሂድ ቢል በመካከል ማንን ያገኛል? አንደኛን። በዚያ ፍጥነት አንደኛ ማርሽ ከገባ የኋላ ጎማ ሊይዝ፣ ሞተሩም ሊፈነዳ ይችላል። በድሮው ተራ ቢሆን ከዲ ወደ ፎሌ አንድ እርምጃ ነበር። ለዚህ ነው በውድድር ዱላዎች ላይ ካልተነሳ የማያሳልፍ መቆለፊያ የሚደረገው። የውድድሩ ሕግም ወደ ኋላ ማርሽ በስህተት እንዳይገባ በሞላ የሚሠራ መከልከያ ያስገድዳል። ሁለቱን ተራ አመዛዝኜ አይቻለሁ። የተገለበጠው ይሻላል ባይ ነኝ። ሹፌሩ የሚቸኩለው ሲነሳ ነው። ሲጨርስ ጊዜ አለው፤ እጁን ከዱላው ላይ ማንሳት ይችላል።

እጁን ማንሳትም አለበት። ለምን እንደሆነ ሰሌዳው ላይ ልጻፍ።

ፓወርግላይድ ውስጥ አንድ ድራም አለ። አንደኛ ማርሽ ላይ ባንድ የሚባል የብረት ቀበቶ አንቆ ያቆመዋል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮኑ ከመግቢያው ዘንግ ጋር አንድ ያደርገዋል። ፎሌ ላይ ማንም አይዘውም። ያኔ የሚዞርበት ፍጥነት በጥርሶቹ ብዛት ይወሰናል። 1.76 ለሆነው ካምቢዮ ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ ቁጥሩን ትንሽ አጠጋግቼዋለሁ። ወደ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ዙር በ2.3 አባዛ። ከሞተር የሚመጣውን ዙር በ1.3 አባዝተህ ቀንስ። የቀረው የድራሙ ዙር ነው።

እንፈትነው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሁለቱም 7,000 ናቸው። 2.3 ሲቀነስ 1.3፣ አንድ። ድራሙም 7,000። ትክክል፣ ሁሉም አብሮ ይዞራል። አንደኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ 1.76 ሲዞር ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ አንድ ይዞራል። 1.3 በ1.76 ሲባዛ 2.3 ገደማ ነው። ሲቀነስ ዜሮ። ድራሙ ቆሟል፣ ባንዱ ይዞታል። ሒሳቡ ሠራ።

አሁን ሹፌሩ መስመሩን አለፈ። የጎማው ዘንግ 7,000 ላይ ነው። ነዳጁን ለቀቀና ወደ ፎሌ አስገባ። ሞተሩ ወደ 1,500 ወረደ። መኪናው ግን ገና ይበራል። 7,000 በ2.3፣ 16,100። 1,500 በ1.3፣ 1,950። ሲቀነስ ከ14,000 በላይ። አያችሁ? ሁሉም ነገር የቀዘቀዘ በሚመስልበት ሰዓት፣ ሞተሩ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ ውስጥ ያለው ድራም ፍጥነቱን እጥፍ አደረገ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ብረቱን ወደ ውጭ የሚበትነው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። የፋብሪካው ድራም ደግሞ ቀልጦ የፈሰሰ የብረት ስሪት ነው። ሲሰነጠቅ እንደ ሸክላ ነው።

ለዚህ ነው አዋቂዎቹ ነዳጅህን ልቀቅ፣ ማርሽህን እንዳለ ተወው፣ በመጨረሻው ማርሽ ፍጥነትህን አብርድ የሚሉት። ፎሌ የሚመጣው መኪናው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

የሚሽከረከር ብረት ሲበተን ምን እንደሚያደርግ ድራግ ሬሲንግ ከባድ ዋጋ ከፍሎ ተምሯል። ዶን ጋርሊትስ በዘመኑ ትልቁ ተወዳዳሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1970 ሎንግ ቢች አጠገብ ላየንስ በሚባል ሜዳ መነሻው ላይ ሳለ ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮው ፈነዳ። የቀኝ እግሩን ፊተኛ ክፍል ቆረጠው። የሱ ከፎሌ ጋር አይገናኝም፤ ሲነሳ ነው የደረሰው። ግን በዚያ ዘመን ሹፌሩ የሚቀመጠው ከሞተሩ በስተኋላ፣ ካምቢዮውን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ነበር። ጋርሊትስ ሆስፒታል ተኝቶ ስለዚሁ አሰበ። በቀጣዩ ዓመት ሞተሩን ከጀርባው አድርጎ መጣና አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የዚያ ዓይነት መኪና ሁሉ የሱን መንገድ ተከተለ። ዛሬ 402 ሜትሩን በ10.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚጨርስ መኪና አውቶማቲክ ካምቢዮው ስብርባሪ የሚይዝ መከላከያ ሊለብስ ግድ ነው።

ሌላም ሕግ አላቸው፤ ይህ እኛንም ይነካል። ሞተሩ በፒ ወይም በኤን ካልሆነ እንዳይነሳ የሚያደርግ ስዊች መሥራት አለበት። በየኮሮላውና በየቪትዙ ላይ አለ። ሲበላሽ ምን እናደርጋለን? ሽቦውን ቀጥታ እናገናኛለን። አትሥሩት። እባካችሁ አትሥሩት። አንድ ቀን ልጅ ቁልፍ ያዞራል፣ ማርሹ ውስጥ ነው፣ ፊት ለፊት ሰው ቆሟል።

ዱላው ኤን ስላለ ዘንጉም ኤን ላይ ነው ማለት አይደለም። ይህንን ማበጠሪያ የሚመስል ብረት እዩት። ጥርሶቹ መካከል ያሉት ጎድጓዳ ቦታዎች እያንዳንዳቸው አንድ ማርሽ ናቸው። ይህቺ ጫፏ ላይ ትንሽ ጎማ ያላት ሞላ እየዘለለች ትገባባቸዋለች። እጃችሁ ላይ ጠቅ የሚለው እሷ ናት። የዱላው ገመድ ከላላ ዱላው ኤን ላይ ቆሞ፣ ሞላዋ ጥርሱ ጫፍ ላይ ትቀራለች። ዘንጉ ግማሽ ፎሌ፣ ግማሽ ማርሽ። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ይሾልካል። ፍሪሲዮን ተቃጥሎ የመጣ መኪና ስትቀበሉ ፍሪሲዮን ከመቀየራችሁ በፊት ገመዱን አስተካክሉ። አለበለዚያ አዲሱም ይቃጠላል።

ወደ እኛ መንገድ ልመለስ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ፣ ከዓባይ እስከ ደጀን። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ፎሌ ለቀው የሚወርዱ ሾፌሮችን ሁላችንም እናውቃለን። ነዳጅ እንቆጥባለን ይላሉ። በዘመናዊ ኢንጀክሽን መኪና ላይ ይህ ተገላቢጦሽ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነህ ነዳጅ ሳትረግጥ ስትወርድ ኮምፒውተሩ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል። ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ፎሌ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ትንሽም ቢሆን ይጠጣል። የሞተሩን መያዝ ደግሞ አጣህ። ክብደቱን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ጫንከው። ፍሬን ሲግል ፔዳሉ አለ፣ መያዙ የለም። ያንን ሽታ ዓባይ በረሃ ውስጥ ያላሸተተ እዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም።

መጎተትም አለ። ይህን ስነግራችሁ ደስ እያለኝ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ አውቶማቲክ ኮሮላው ድልድዩ አጠገብ ቆመችበት። ደወለልኝ። ፎሌ አድርግና በገመድ ይጎትቱህ አልኩት። አራቱም ጎማ መሬት ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ያንን ዳገት ሙሉ እስከ ደጀን ወጣ። ሞተሩ የቆመበት ምክንያት ቀላል ነበር፤ በሰዓታት ተሠራ። ካምቢዮው ግን አልነሳም አለ። ገንዳውን ፈትቼ ሳወርደው ዘይቱ እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል። በጣቴ ሳሻሸው ወርቅ የመሰለ የነሐስ ብናኝ ያብለጨልጫል። ማስቲካ የሚያክል የቡሽ፣ ዘንግ የሚዞርበት የነሐስ ቀለበት፣ ቁራጭ ከታች ተኝቷል።

ምን ሆኖ ነው? የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፖምፓ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ፖምፓው ቆሟል። ጎማው ግን ይዞራል፣ ጥርሶቹም ይዞራሉ፣ ደርቀው። ፎሌ ማርሹን ፈታው እንጂ ጎማውን ከካምቢዮው አልለየውም። ያን ዳገት በሙሉ ብረት ብረትን በልቷል። ወዳጄ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ያስተካከልኩለትም በራሴ ወጪ ነው። ግን አሁንም ድረስ የፊት ጎማዋ ተነስታ በምትጎተት መኪና አጠገብ ሳልፍ አስታውሰዋለሁ። አደራ፣ የፊት ጎማ የሚነዳ አውቶማቲክ መኪና የፊት ጎማው ይነሳ፤ ካልሆነ ሙሉ በሙሉ ይጫን።

ጥያቄ እንዳላችሁ አያለሁ፤ ግን መጀመሪያ እጃችሁ ይሥራ። አራት አራት ሆናችሁ ወደ ጠረጴዛው ኑ። ዘንጉን በጣታችሁ ኤን ላይ አድርጉት፤ ጠቅ እስኪል ድረስ። ከዚያ በዚህች መርፌ አልባ ሲሪንጅ ወደ ፍሪሲዮኑ በሚሄደው ቀዳዳ ንጹህ ዘይት ግፉ። በየት በኩል እንደሚወጣ ፈልጉ። ካገኛችሁ በኋላ ዘንጉን ግማሽ ጥርስ ያህል ወደ ዲ አንቀሳቅሱና ደግሞ ግፉት። ስስ ጠብታው የሚመጣበትን ቦታ ማየት እንድትችሉ ጨርቁን ከሥር አንጥፌላችኋለሁ። ከጥግ ያላችሁት ጀምሩ።